አጥንት የሚያበቅለው ዜና

«የተጎዳ አጥንትን መልሶ የሚያበቅል ሕክምና ተገኘ» የሚል ዜና ሰምታችሁ አታውቁም? እኔ ከሰበታ ስመላለስ በታክሲ ሬዲዮ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ስቴም ሴል ይሉታል፤ ተገኘ ይሉና ወደ ስፖርት ያልፋሉ።

ነገሩ ውሸት አይደለም። የሶቪየቱ ተመራማሪ አሌክሳንደር ፍሪደንስታይን በመቅኔ ውስጥ አጥንት መሥራት የሚችሉ ሴሎች እንዳሉ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ከዚያስ? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከእንዲህ ዓይነት የመቅኔ ሴሎች የተሠራ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ነው። እሱም ቢሆን ለአጥንት አይደለም፤ ንቅለ ተከላ ተደርጎላቸው የተተከለው ሴል መልሶ ሰውነታቸውን ለሚያጠቃባቸው ሕፃናት ነው። ታዲያ «ተገኘ» ማለት ምን ማለት ነው?

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፣ እግሩ የተሰበረ ሰው አሁንም ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው። ቅርብ ነው፣ ዋጋው ይቀላል፣ ደግሞ «ሆስፒታል ከሄድኩ ይቆርጡኛል» የሚል ፍርሃት አለ። የሚያሳዝነው፣ ከልክ በላይ የጠበቀ እስራት ደም እንዳይዘዋወር ከልክሎ እግሩን ያበሰብሰውና የፈሩት መቆረጥ በዚያው ይመጣል። የአገራችን ሐኪሞች ይህን ደጋግመው ጽፈዋል። (ወጌሻን ሁሉ መስደቤ አይደለም፤ ወለምታ ሲያሹ እጃቸው ወርቅ የሆነ አሉ።)

አልገጥም ላለ አጥንትም ቢሆን ስቴም ሴል እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም። ከበሽተኛው ከራሱ ዳሌ ጥቂት አጥንት ተወስዶ ክፍተቱ ላይ ይተከላል። በውስጡ ያሉት የራሱ ሕያው ሴሎች አዲስ አጥንት ለመሥራት ያግዛሉ። የአጥንት ሐኪሞች የቆየ ሥራ ነው፤ አዲስ ስላልሆነ ግን ዜና አይሆንም!

እኛ ነገ ማይክ የምንይዝ ልጆች የውጭ ዜና ስንተረጉም ቢያንስ እንጠይቅ፦ የተሞከረው አይጥ ላይ ነው ሰው ላይ? ስንት ሰው ላይ? እስከዚያስ እዚህ አገር ምን አለ? ከዜናው ሥር ደግሞ አንዲት ነገር ትጨመር፦ የታሰረ እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ፣ ሌሊትም ቢሆን እስራቱ ይላላና በሽተኛው ሆስፒታል ይወሰድ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም፤ ስፖርቱ ይደርሳል።