ከፀጉሩ ሥር ያለው ውሻ

ፑድል በፀጉሩ ይገዛል፣ በፀጉሩም ይጣላል። የዛሬ ቅሬታዬ ይኸው ነው። ቦሌ አካባቢ ቡችላ አቅፈው መንገድ ዳር የሚቆሙ ልጆችን አይታችሁ ይሆናል። ለእነሱ ነጭና ከርዳዳ ፀጉር ያለው ትንሽ ነገር ሁሉ «ፑድል» ነው። እናቱ የት ናት፣ ስንት ሳምንቱ ነው፣ ምን ክትባት ወስዷል ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ አንድ ነው፦ «የፈረንጅ ውሻ ነው፣ ፀጉሩ አይረግፍም!» ገዢውም ሶፋውንና ምንጣፉን እያሰበ ይከፍላል። ጥቂት ወራት አለፍ ሲል ያ ነጭ ውሻ ፀጉሩ ተቋጥሮ፣ ቆዳው ቆስሎ፣ ጊቢ ጥግ ታስሮ ታገኙታላችሁ።

ፑድልን ጠልቼ አይደለም። ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር የሚኖር ውሻ ምረጥ ብባል ከፊት ከማሰልፋቸው አንዱ እሱ ነው። ነገር ግን ይህ ውሻ ሲጀመርም የሳሎን ጌጥ አልነበረም። በጀርመንና በፈረንሳይ፣ አዳኞች ተኩሰው የጣሉትን ዳክዬ ከቀዝቃዛ ውኃ ዋኝቶ የሚያወጣ ሠራተኛ ነበር። ያ ፊልም ላይ አይተን የምንስቅበት፣ ወገቡ ተላጭቶ ደረቱና እግሩ ላይ ድብልብል ፀጉር የሚተውለት አቆራረጥ እንኳ የመጣው ከሥራ ነው። ለዋና እንዲቀለው ሌላው ይላጫል፤ ብርድ እንዳይጎዳው ደረቱና መገጣጠሚያው ይሸፈናል። ትንንሾቹ ከዚሁ ዘር እየተመረጡ የወጡ ናቸው። በአሜሪካ ኬኔል ክለብ መለኪያ ቶይ የሚባለው ትከሻው ድረስ ከ25 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ክብደቱም ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቢሆን ነው። ሚኒየቸር የሚባለው እስከ 38 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ 5 ወይም 6 ኪሎ ይመዝናል። ጭንቅላቱ ግን ያው የአዳኙ ነው። ስታንሊ ኮረን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው የውሾች የማሰብ ችሎታ መጽሐፉ ትእዛዝ በመቀበል ፑድልን ከቦርደር ኮሊ ቀጥሎ ሁለተኛ አድርጎታል።

ብልህ ውሻ ማለት ደስ የሚል ነገር ይመስላል። ሥራ የሌለው ብልህ ውሻ ግን ለራሱ ሥራ ይፈልጋል፤ ጫማ ይበላል፣ የጎረቤትን በር ኮሽታ እየቆጠረ ይጮኻል። እህቴ ቤት ያለው ቡቺ ግማሽ ማልቲዝ ግማሽ ፑድል ነው ተብሎ የተሸጠ ነው። (ግማሹ ምን እንደሆነ እኔም አላረጋገጥሁም።) እህቴ ቦርሳ ብታነሳ ቀና ብሎ አይቷት ይተኛል፤ ወዲያው እንደምትመለስ ያውቃል። ነጠላዋን ካነሳች ግን ቅዳሴው ረጅም እንደሆነ ገብቶታል መሰለኝ፣ በሩ ሥር ተጋድሞ ማላዘን ይጀምራል።

እናቴ መጀመሪያ ላይ የቡቺን መምጣት አጥብቃ ተቃውማ ነበር። ውሻ የገባበት ቤት ጸሎት አላደርስም አለች። የእህቴ ልጅ፣ ትምህርት ቤት የሰማችውን ይዛ፣ «አያቴ፣ ጃንሆይም እኮ ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ ነበራቸው» ብትላት፣ «ጃንሆይ ቤተ መንግሥት ነበራቸው የኔ ልጅ፤ አንቺ ያለሽ ኮንዶሚኒየም ነው» ብላ ዘጋቻት። የእናቴን ነገር እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ ሰዎች ያበሳጩኛል። ቤት በሥርዓት ይኖራል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ውሻ የት ድረስ እንደሚገባ የራሱ ወሰን አለው። ይህን ወሰን ከቤቱ አዛውንት ጋር ሳይነጋገሩ ቡችላ ይዞ መግባት ለውሻውም ጥሩ አይደለም፤ መጨረሻው ውጭ መታሰር ነውና። ፑድል ደግሞ የጊቢ ውሻ አይሆንም። በክረምት ጭቃና ብርድ፣ በመዥገርና በቁንጫ መሐል ያ ፀጉር አይሰነብትም። እናቴ ዛሬ የጸሎት ክፍሏን በር ትዘጋለች፤ ከዚያ ውጪ ግን «ይኼ ውሻ በልቷል?» ብላ የምትጠይቀው ከሁላችን ቀድማ ነው።

ወደ ፀጉሩ ልመለስ። ፀጉሩ አይረግፍም መባሉ ግማሽ እውነት ነው። የሚነቀለው ፀጉር ምንጣፍ ላይ በመውደቅ ፈንታ እጥፋቱ ውስጥ ይቀራል፤ ከሚያድገው ጋር ተጠላልፎ ይቋጠራል። ጆሮው ኋላ፣ ብብቱ ሥር፣ የአንገት ማሰሪያው ያለበት ቦታ መጀመሪያ ይበላሻሉ። ከላይ ሲያዩት ያማረ ይመስላል፤ ጣት ሲያስገቡ ግን ጠንካራ ንጣፍ ነው፣ ቆዳውን እየጎተተ ያሳምመዋል። ሴት ልጅ ሹሩባ ለመሠራት ስትቀመጥ ያየ ሰው አያያዙን ያውቀዋል፦ ሚዶው ከጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ሥር ይሄዳል እንጂ ከሥር አይጀመርም። ቋጠሮ እያለ ማጠብ ደግሞ ይበልጥ ያጠብቀዋል፤ መጀመሪያ ማበጠር፣ ከዚያ ማጠብ፣ ከዚያ እስኪደርቅ ድረስ እንደገና ማበጠር ነው። ይህ በየቀኑ ወይም ቢበዛ አንድ ቀን እየዘለለ የሚደረግ ሥራ ነው። ከዚህ ሌላ በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ መቆረጥ አለበት። ማበጠር የማይሆንላችሁ ከሆነ አሳጥራችሁ ቁረጡት፤ ፎቶ ላይ እንዳያችሁት አሻንጉሊት አይመስል ይሆናል፣ ውሻው ግን ያመሰግናችኋል። ጆሮውም ውስጥ ፀጉር ይበቅላል፤ እርጥበት ሲይዝ ይመግላል፤ ከሸተተ ወደ ሐኪም ነው።

አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ «ፀጉሩ አይረግፍም» በሚለው ቃል ተማምኖ ባይገዛ እመክራለሁ። የሚያስነጥሰው ፀጉሩ ሳይሆን በምራቁና በቆዳው ፍርፋሪ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ያንን ደግሞ ፑድልም ያመርታል። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 «አለርጂ አያስነሡም» በሚባሉ ዘሮችና በሌሎቹ ፀጉር ላይ ያለውን ይህን ፕሮቲን ሲለኩ፣ የተመሰገኑት ዘሮች ያነሰ አልተገኘባቸውም። ከውሻው ጋር ደጋግሞ ተቀምጦ ከማየት የተሻለ ምርመራ የለም።

ስለ ፑድል ቅይጦች ከተነሳ የዎሊ ኮንሮን ታሪክ ሁሉን ይናገራል። ኮንሮን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ለዓይነ ስውራን መሪ ውሻ በሚያሠለጥን ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ሃዋይ የምትኖር ዓይነ ስውር ሴት መሪ ውሻ ጠየቀች፤ ባሏ ግን አለርጂ አለበት። ኮንሮን ትልቁን ፑድል ለማሠልጠን ሞክሮ አልሆን ሲለው ከላብራዶር ጋር አዳቀለው። ሦስት ቡችሎች ተወለዱ፤ የፀጉርና የምራቅ ናሙናቸው ሃዋይ ድረስ ተልኮ ሡልጣን የተባለው ለዚያ ቤት ተመረጠ። ቀሪዎቹን ቅይጥ ናቸው ብሎ የሚረከብ ቤተሰብ ጠፋ። ላብራዱድል የሚል ስም ወጥቶላቸው ወሬው ሲነዛ ግን ፈላጊው ጎረፈ። ኮንሮን በኋላ ዘመኑ፣ ማንም ያለ ጤና ምርመራ እያዳቀለ መሸጥ ሲጀምር አይቶ፣ ባልጀመርሁት ኖሮ እያለ በአደባባይ ተጸጽቷል።

ዛሬ ኮካፑ፣ ካቫፑ፣ ማልቲፑ የሚባሉት የፑድል ቅይጦች የሚሸጡት በዚያው መንገድ ነው። ሻጮች ቅይጥ ከንጹሕ ዘር ይልቅ ጤነኛ ነው ይላሉ። የለንደኑ ሮያል ቬተሪነሪ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2024 ኮካፑን፣ ካቫፑንና ላብራዱድልን ከወላጅ ዘሮቻቸው ጋር ሲያነጻጽር ግን በአብዛኞቹ በሽታዎች ልዩነት አላገኘም። ነገሩ አይገርምም። የካቫፑ አንዱ ወላጅ ካቫሊየር በልብ በሽታ የሚታወቅ ዘር ነው፤ ትንሹ ፑድል በሚያፈተልክ የጉልበት ሎሚና በጥርስ ሕመም ይታወቃል፤ ቡችላው ከየትኛው ምን እንደሚወስድ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። ፀጉሩም እንዲሁ ነው፤ ከአንድ እናት በአንድ ቀን ከተወለዱት አንዱ ከርዳዳ፣ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ የሚረግፍ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ፑድል ለማን ይሆናል? ሕፃናት ላሉበት ቤት ቶይ አልመክርም። ከልጅ እቅፍ ወይም ከሶፋ ላይ ቢወድቅ እግሩ በቀላሉ ይሰበራል። ሚኒየቸሩ ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ባዶ ለሚውል ቤትም አይሆንም፤ ብቻውን መዋል ከሁሉ በላይ የሚያሠቃየው ነገር ነው። በዚህ በኩል የእኛ ቤት ከብዙ ፈረንጅ አፓርታማ ይሻለዋል፤ አያት አለች፣ የዘመድ ልጅ አለ፣ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይመጣል። ዕድሜውም 12፣ 15 ዓመት ሊደርስ ስለሚችል፣ ዛሬ የ10 ዓመት ልጅ አልቅሳ ያስገዛችው ውሻ ዩኒቨርሲቲ ስትመረቅም ይኖራል። ያን ጊዜ የሚያበጥረው ማን እንደሆነ አሁኑኑ ብታስቡበት ይሻላል።

ቤታችን የማይሻለው በምግብ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ሲጀመር ሽንኩርት ነው። 3 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ቁሌት የነካው ትራፊ ቀላል ነገር አይደለም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ስለት ይሆንና አንጀት ይወጋል። ዘቢብና ቸኮሌትም መርዝ ናቸው። ፋሲካ ሲደርስ እንግዳው ሁሉ ከጠረጴዛ ሥር እየሸሸገ ያጎርሰዋል፤ በዓል ባለፈ ማግስት ቡቺ ሲያስመልስ አድሮ እህቴን ሐኪም ፍለጋ ያሯሯጣት ይኸው ነው። ለውሻው ሥጋ ስትቀቅሉ ቁሌቱ ከመጀመሩ በፊት ቀንሱለት፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት።

አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል። ሶፋ ላይ የሚተኛ ውሻ ነው ብሎ የእብድ ውሻ ክትባትን መዝለል የለም፤ በየዓመቱ አስከትቡ፣ ካርዱንም አስቀምጡ። ስትገዙም ከስምንት ሳምንት በታች የሆነ ቡችላ አትውሰዱ። የተወለደበት ቤት ሄዳችሁ እናቱን እዩ፤ ፀጉሯን በጣታችሁ ፈትሹ፣ ለሰው ትቀርብ እንደሆነ ታዘቡ። ሻጩ እናቲቱን አላሳይም ካለ፣ ቡችላው የቱንም ያህል ቢያሳሳ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።