የቦርከናን ቀለም በጫት ገራባ እናጣራ

የቦርከና ልጆች፣ የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ማቅለሚያ ቤት ያላችሁ ሁሉ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። በኮምቦልቻ የፋብሪካ ፍሳሽ እንደ ለዮሌ ባሉ ገባሮች አድርጎ ቦርከና ወንዝ ይገባል። ቦርከና ደግሞ እዚያው አይቀርም፤ በጨፋ ረግረግና በከሚሴ በኩል አልፎ አዋሽ ይደርሳል። በመንገዱ ሁሉ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይበቅልበታል።

ጥጥ ሲቀለም ማቅለሚያው ሁሉ ክሩ ላይ አይቀርም። ሪአክቲቭ ከሚባለው ቀለም እንደ ዓይነቱ ከመቶ ከ10 እስከ 50 እጁ ከእጥበቱ ውኃ ጋር ይወጣል። ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ብርሃን ይጋርዳል፤ በውኃው ውስጥ ያለው ዕፅ ምግቡን መሥራት ያቅተዋል፣ ዓሣውም ኦክስጅን ያጥረዋል። አዞ ከሚባሉት ቀለሞች አንዳንዶቹ ሲፈራርሱ ካንሰር የሚያመጡ ንጥረ ነገሮች ይወጡባቸዋል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ታስቦ ነው። እንዲህ ያለ ማጣሪያ ለመትከል አቅም ያጠረው ማቅለሚያ ቤትስ? የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለእርሱም ይሠራል፤ ድህነት ወንዝ ለመበከል ፈቃድ አይሆንም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ርካሽ ማጣሪያ የሚሠራበት ነገር በየመንገዳችን ተጥሏል። የወሎ ከተሞችን ቱቦ የሚደፍነው የጫት ገራባ፣ በጅማ በየቡና ማበጠሪያው የሚከመረው ገለፈት፣ የበቆሎው ቆረቆንዳ፣ ሁሉም ሴሉሎስና ሊግኒን ናቸው፤ ቀለምን ከውኃ ስበው ይይዛሉ። ታጥበው፣ ደርቀው፣ ተፈጭተው ይሠራሉ፤ አየር በታፈነበት ምድጃ ከሰል ቢሆኑ ደግሞ ጉልበታቸው ይጨምራል። የጤፍ ጭድን ግን አትንኩ፤ እርሱ የከብት ቀለብና የግድግዳ ጭቃ ማቡኪያ ነው። ከገበሬው አፍ ላይ ነጥቀን ወንዝ አናጠራም። ማንም የማይፈልገውን እንውሰድ።

መምህራንና ተመራማሪዎች፣ ለእናንተ ያለኝ ቃል ጠንከር ይላል። በየመደርደሪያው ያሉት የመመረቂያ ጽሑፎች በብዛት የሚፈትኑት በንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ቀለም ነው። ሜቲሊን ብሉ አዎንታዊ ሙል ስላለው አሉታዊ ሙል ባለው የገለፈት ገጽ ላይ በቀላሉ ይጣበቃል። የፋብሪካው ሪአክቲቭ ቀለም ግን አሉታዊ ነው፤ ውኃውም ጨው የበዛበት፣ አልካሊ የሆነና ትኩስ ነው። በቤተ ሙከራ ከቀለሙ ብዙውን ያስቀረ ዱቄት በፋብሪካው ቱቦ ላይ ሊያሳፍር ይችላል። ስለዚህ እውነተኛውን ፍሳሽ ፈትኑ። ውኃውን አሲድ ማድረግ ወይም የከሰሉን ገጽ መለወጥ ካስፈለገ ወጪውን በብር አስሉና ባለ ፋብሪካው ፊት አስቀምጡት። ካልሠራም ይህንኑ ጻፉ፤ የሚቀጥለው ተማሪ ከዚያ ይነሣል።

ባለ ፋብሪካዎች፣ የፍሳሹን ናሙና አትደብቁ፤ ከማጣሪያ ገንዳችሁ ጥግ ለአንድ የሙከራ በርሜል የሚሆን ቦታ ስጡ። የጫት ነጋዴዎች፣ ገራባውን ከፌስታሉ ለዩ። ሥራ የምትፈልጉ ወጣቶች ተደራጁና አክስሉት፤ ከውጭ በዶላር የሚገዛውን የከሰል ማጣሪያ በከፊል እንኳ ከተካችሁ ገበያ አላችሁ። የከተማው አስተዳደር ደግሞ ቀለም የጠገበው ዱቄት የት እንደሚወገድ ከወዲሁ ይወስን፤ ማሳ ላይ ወይም ወንዝ ዳር ከተደፋ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። በከፍተኛ ሙቀት የሚነድ የሲሚንቶ እቶን አንዱ መፍትሔ ነው።

ወሎዬ አዝመራውን በጅጌ ይሰበስባል፤ ይህም የጅጌ ሥራ ነው። ገራባ የሚደርቀው በበጋ ፀሐይ ስለሆነ ከክረምት በፊት እንጀምር። በዚህ ሳምንት ከአንድ ፋብሪካ ቱቦ 20 ሊትር ፍሳሽ በጀሪካን ተቀድቶ፣ ቀኑና የቀለሙ ዓይነት ተጽፎበት፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ይድረስ። የመጀመሪያውን ጀሪካን የሚሰጥ ፋብሪካ የትኛው ነው?