ዘርን ከመጠርጠር ቤት ለቤት መቁጠር

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ባለው አገር፣ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ሁለት ነገር ያጣራሉ፤ አንደኛው የተጋቢዎቹ ዝምድና ከሰባት ቤት መውጣቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው በወገኑ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አለመኖሩ ነው። የመጀመሪያው ልማድ በዘረመል ሳይንስ፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የተፈጥሮ መመሪያ በሚያጠናው የዕውቀት ዘርፍ፣ ሊመሰገን የሚገባው ነው። አንዳንድ በሽታዎች የሚገለጡት ልጁ እንከን ያለበትን ዘረመል ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ብቻ በመሆኑ በቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ ይበዛሉ፤ ሰባት ቤት መቁጠርም ይህን አደጋ ይቀንሳል። ሁለተኛው ልማድ ግን በግምት ላይ የቆመና ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ያገለለ ነው።

ግምቱን በቁጥር ለመፈተን ከደከሙት የኢትዮጵያ የነርቭ ሐኪሞች መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በግንባር ቀደምነት ይነሳሉ። እርሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 ድረስ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን የዳሰሱ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች፣ ማለትም ከሺህ ሰው 5.2 ያህል፣ ሆነው ተገኙ። ከታማሚዎቹ በዘመዶቻቸው መካከል ተመሳሳይ በሽታ የነበረባቸው 22 በመቶዎቹ ሲሆኑ፣ ለበሽታው የሚታወቀውን መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ግን 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሁለቱ አኃዞች ይበልጥ ሊያስደነግጥ የሚገባው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ዘርን መለወጥ የሚችል ሰው ባይኖርም፣ ርካሹንና ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ያገለገለውን የፌኖባርቢታል ክኒን ለታማሚው ማድረስ የሰው አቅም የማይሳነው ጉዳይ ነው።

በሽታው በዘር አይነካም ማለት አይደለም። የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ የሚገናኙት በኤሌክትሪክ ምልክት ሲሆን፣ ምልክቱን የሚቆጣጠሩት በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች የሚሠሩት በዘረመል ትእዛዝ ስለሆነ፣ በትእዛዙ ላይ የሚደርስ ስህተት በሮቹን ሊያዛባና ሕዋሳቱ ከልክ በላይ በአንድ ጊዜ እንዲነሣሡ ሊያደርግ ይችላል። ይሁን እንጂ ከወላጆቻቸው አንዱ የሚጥል በሽታ ቢኖርበትም አብዛኞቹን ልጆች በሽታው አይይዛቸውም። በአንጻሩ በረዥም ምጥ ጊዜ የሚደርስ የአየር እጥረት፣ የማጅራት ገትር፣ የራስ ጉዳት፣ እንዲሁም ከአንኮበር ገደል በታች ባለው ቆላ የሚገኘው ወባ አንጎልን ሲያጠቃ፣ ማንኛውንም ቤተሰብ ሳይለዩ ይህንኑ በሽታ ሊያስከትሉ ይችላሉ።

በደብረ ብርሃን ብርድ ዓመቱን ሙሉ ከምድጃ ዳር መቀመጥ የግድ ነውና፣ የቡታጅራው ጥናት ከታማሚዎቹ 8.5 በመቶ የሚሆኑት ተቃጥለው እንደነበር መመዝገቡ ለዚህ አገር ልዩ ትርጉም አለው። እዚያው ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ውስጥ በገጠር ነዋሪዎች አስተሳሰብ ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ከተጠየቁት ወደ ግማሽ የሚጠጉት በሽታው ሲጥል የነካውን ሰው ይይዛል ብለው እንደሚያምኑ አሳይቷል። ይህ እምነት ባለበት ቤት ሰው እሳት ላይ ሲወድቅ ፈጥኖ የሚያነሳው እጅ ሊጠፋ ይችላል፤ በልማድ የሚደረገው ክብሪት ጭሮ ማሽተትም የሚጥለውን በሽታ አያቆመውም፣ ከቃጠሎውም አያድንም።

ዘርን መጠርጠር ምን ያህል እንደሚያሳስት የጓያ ጉዳይ ያስረዳል። በሞረትና ጅሩ ጥቁር አፈር ላይ የሚዘራው ጓያ ድርቅንም ሆነ የውኃ ብዛትን የሚቋቋም ጥራጥሬ ቢሆንም፣ በውስጡ ኦዳፕ የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ተለይቶ የታወቀ መርዝ ይዟል። በረሃብ ዘመን ለወራት ሌላ እህል ሳይቀላቀልበት ሲበላ የእግርን ጡንቻ የሚያዝዙትን ነርቮች ስለሚጎዳ፣ እግር ይተሳሰራል፤ ከዚያም በኋላ አይፈታም። የአንድ ቤት ወንድማማቾች አብረው ሽባ ሲሆኑ የሚያያቸው ሰው የዘር ነገር ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ያገናኛቸው ግን አንድ ድስት ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደላንታ ዳውንት የደረሰውን የጓያ ሽባነት ወረርሽኝ ያጠኑት ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው፣ እሸቱና ንፍሮው አደጋውን ከፍ እንደሚያደርጉት፣ በብዛት የተቀላቀለ እህል ግን እንደሚቀንሰው አሳይተዋል።

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሥር በአንጋፋው የቀዶ ሕክምና ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓስ፣ የቡታጅራውን ዓይነት ቤት ለቤት ቆጠራ ከደጋው እስከ ቆላው ቢያካሂድ፣ ተማሪዎቹም ታማሚውን ባገኙበት ቤት ስለ ወላጆቹ በሽታ ብቻ ሳይሆን አወላለዱ እንዴት እንደነበር፣ በሕፃንነቱ ምን ትኩሳት እንደያዘው፣ ምን እንደሚበላ፣ መድኃኒት አግኝቶ እንደሆነና ካቋረጠም ለምን እንዳቋረጠ ቢመዘግቡ፣ የአንኮበር ጤና ጣቢያ በየወሩ ለስንት ሰው የሚበቃ ክኒን ማከማቸት እንዳለበት ከዚያ መዝገብ ማወቅ ይቻላል።