የጢም መላጫ ክሬሙን አድርቁት

በቱቦ የሚሸጠውን የጢም መላጫ ክሬም እንዳለ መጠቀም ብክነት ነው ባይ ነኝ። ብሩሹ ላይ ሲጨምቁት ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ይወጣል፤ ትርፉ ከአረፋው ጋር ታጥቦ ይሄዳል። እኔ ዝርግ ጣሳ ውስጥ በስሱ አሰራጨውና ስስ ጨርቅ ሸፍኜ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ውስጥ አኖረዋለሁ። እሳት ዳር አይቀመጥ፤ ሽታው ይጠፋል። ትዕግሥት ይጠይቃል። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ጠርዙ ከጣሳው ይላቀቃል፤ መሃሉም በጣት ሲጫኑት መሰርጎዱን ይተዋል። ግሊሰሪኑና በፖታሲየም የተሠራው ሳሙና ስለሚቀሩ እንደ ልብስ ሳሙና ድርቅ አይልም። ከዚያ በኋላ እርጥብ ብሩሽ ላዩ ላይ ጥቂት ማሽከርከር ፊትን ሁሉ የሚሸፍን አረፋ ይሰጣል፤ ለመንገደኛም በሻንጣ ውስጥ የሚፈስ ነገር የለም። በጋዝ የሚነፋው የጣሳ አረፋ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሲደርቅ የሚተርፈው ስስ ቅርፊት ብቻ ነው። ስትገዙ ቱቦውን ምረጡ።