አሮጌው ዕቃ ከኢፍጣር ማዕድ አይራቅ

የረመዳን የመጨረሻዎቹ ቀናት በየቤቱ የጽዳት ቀናትም ናቸው። ኢድ ሲቃረብ ምንጣፍ ይራገፋል፤ ግድግዳ ቀለም ይቀባል፤ መጋረጃ ይቀየራል፤ ጓዳው፣ ሣጥኑና ቆጡ ሳይቀር ይፈተሻል። በዚህ መሐል ከብዙ ቤት አንድ ክርክር ይነሣል። አፉ የተሸረፈ ጀበና፣ ቀለሙ የለቀቀ የኡዱ ማንቆርቆሪያ፣ ጠርዙ ያለቀ መስገጃ፣ ክዳኑ አልገጥም ያለ መሶብ መሐል ቤት ይወጣና ልጆች «ይጣል» ይላሉ፤ እናት «ተዉት» ትላለች። ልጆቹ የሚፈልጉት ቤቱ ለበዓል እንዲያምር ነው። እናት ደግሞ ምክንያቷን ብትጠየቅ ብዙ ጊዜ «ዝም ብሎ ይቀመጥ» ከማለት በቀር አታብራራም።

ክርክሩ ላይ ላዩን ሲታይ የቦታ ጥበት ጉዳይ ይመስላል። ውስጡ ግን አንድ ቤተሰብ ካለፉት ወላጆቹ ምን ይዞ እንደሚቀጥል፣ ምን እንደሚለቅና ለማን እንደሚለቅ የሚወስንበት ነገር አለ። ረመዳን ስለ መያዝና ስለ መልቀቅ የምንማርበት ወር ስለሆነ ጉዳዩን ዛሬ በዚህ ገጽ ማንሣት ወደድን።

ነገሩን ኢተያ ላይ ሆነን እንየው። ኢተያ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የሄጦሳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ የስንዴና የገብስ ማሳ ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው፣ በአጭር ስሙ ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን ለአካባቢው ገበሬ ካስተዋወቀ ወዲህ የአርሲ ደጋ ኑሮ ብዙ ተለውጧል። በብዙ ማሳ ላይ ትራክተር በሬን፣ ኮምባይነር ማጭድን ተክቷል። የማሳው ለውጥ ወደ ጓዳም ዘልቋል። ስንዴ ሲሸጥ የሣር ክዳን በቆርቆሮ ይለወጣል፤ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ደግሞ አዲስ ዕቃ ይፈልጋል።

የውሃውም ነገር እንዲሁ ነው። ከ30 ዓመት ገደማ በፊት የተራራ ምንጮችን በቧንቧ አውርዶ ለሄጦሳ ቀበሌዎችና ከተሞች የሚያደርስ፣ ያለ ሞተር በስበት ብቻ የሚሠራ ሰፊ የውሃ መስመር ተዘርግቷል። ቧንቧ ሲቀርብ እንስራ ሥራ አጣ፤ በቦታው ጄሪካን ገባ። የእጅ ወፍጮውም ለሞተር ወፍጮ ቦታውን ለቀቀ። በዚህ የሚቆጭ ሰው ካለ እንስራ አዝላ ዳገት የወጣችን እናት ይጠይቅ። ያ ድካም እንዲመለስ አንመኝም። ለአሮጌ ዕቃ ያለን ፍቅር የእናቶችን ድካም እስከማስረሳት ከደረሰ ጎደሎ ፍቅር ነው።

ሆኖም እንስራው ሥራ ካጣ በኋላም ከብዙ ቤት ጥግ አልጠፋም። ገበያ ቢወጣ ይህ ነው የሚባል ዋጋ አያወጣም። ባለቤቶቹ ግን ሊጥሉት እጃቸው አይታዘዝም። በአርሲ ብዙ ልጆች አያታቸውን «አኮ» ብለው ይጠራሉ። «የአኮ ጀበና» ሲባል የቤተሰቡ ሐሳብ የሚሄደው ከተራዊህ መልስ ቡናውን ወደምትቀዳው እጅ ነው። አባት ለሱሑር ተነሥቶ ኡዱ ሲያደርግ የማንቆርቆሪያዋ ድምፅ ቤቱን ሁሉ ይቀሰቅስ ነበር። በወይራ ጭስ የታጠነ የወተት ዕቃ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ፣ ጭኮ የሚቀመጥበት ዕቃ ከመደርደሪያ ሲወርድ የልጆች መሰብሰብ፣ እነዚህ ሁሉ በአዲስ ዕቃ አይተኩም። አዲሱ ዕቃ ገና የቤቱን ሰው አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ጾም ነፍስን ከዱንያ ማላቀቂያ ከሆነ ልብን በጀበናና በመሶብ ማሰር ከጾም ጋር እንዴት ይሄዳል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ዕቃ በራሱ በረካ ያመጣል ወይም ከጉዳት ይጠብቃል ብሎ ማሰብ ከእስልምና ትምህርት ውጭ ነው፤ ለማሳየትና ለመመካት ዕቃ ማከማቸትም የተወገዘ ነው። ነገር ግን የሚወዱትን ሰው በዕቃው ማስታወስ ከእነዚህ ጋር አይደመርም።

ለዚህ ከራሱ ከረመዳን ታሪክ ማስረጃ አለን። የበድር ዘመቻ የተካሄደው በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ረመዳን 17 ቀን ነበር። ከተማረኩት መካውያን አንዱ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ የዘይነብ (ረ.ዐ) ባለቤት አቡል ዓስ ነበር። ያኔ መካ የነበሩት ዘይነብ ባለቤታቸውን ለማስፈታት ከላኩት ንብረት መሐል እናታቸው ኸዲጃ (ረ.ዐ) በሠርጋቸው ጊዜ የሰጧቸው የአንገት ጌጥ ይገኝበት ነበር። ኸዲጃ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጌጡን ባዩ ጊዜ ግን ልባቸው እጅግ እንደራራ የሐዲስ ዘገባዎች ያወሳሉ።

ቀጥሎ ያደረጉትም ልብ ሊባል ይገባል። የምርኮኛ ማስፈቻ የማኅበረሰቡ ሐቅ በመሆኑ ጌጡን በራሳቸው ውሳኔ ብቻ አላነሡትም። ፈቃዳቸው ከሆነ ምርኮኛውን እንዲለቁና ንብረቱን ለዘይነብ እንዲመልሱ ሰሓቦቻቸውን ጠየቁ፤ እነርሱም ተስማሙ። ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንይዛለን። በአሮጌ ዕቃ ልብ መራራቱ ነውር አይደለም። ፍቅሩ የሌላውን ሰው ሐቅ አያሻግርም። ዘይነብም ጌጡን የቱንም ያህል ቢወዱት ለሕያው ሰው ሲሉ ከእጃቸው አውጥተውታል፤ ዕቃ የቱንም ያህል ቢከበር ከሰው አይበልጥም።

ሌላም ምሳሌ አለ። ቡኻሪ እንደዘገቡት አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ዘንድ ይገኝ የነበረው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የእንጨት መጠጫ በተሰነጠቀ ጊዜ ስንጥቁ በብር ተያይዟል። የተሰነጠቀው ዕቃ አልተጣለም፤ ተጠግኖ አገልግሎቱን ቀጠለ። የተሰነጠቀ ቅል ሰፍቶ መጠቀም የአገራችን እናቶችም ከጥንት የሚያውቁት ሙያ ነው። ዛሬ ጆሮው የተነቀለ ማንቆርቆሪያ ለመጣል የምንቸኩለውን ያህል የሚበይድ ሰው ብንፈልግ ከብክነት እንድናለን፤ ዕቃውም ከነታሪኩ ይቆየናል።

አርሲ ለዚህ የራሱ ምሳሌ አለው። ሲንቄ ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን ዘንግ ነው። ለማያውቀው ተራ እንጨት ይመስላል። ለሚያውቀው ግን ያገባች ሴት የክብርና የመብት ምልክት ነው፤ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መሐል ሲገቡ ጠቡ እንዲቆም ባህሉ ያዝዛል። ዛሬ አንድ ባንክ በስሙ ይጠራል፤ በየከተማው ሰሌዳ ላይ እናነበዋለን። ነገር ግን ስሙን ሰሌዳ ላይ የሚያነብ ልጅ የአያቱ ሲንቄ የት ጥግ እንደቆመ ካላወቀ፣ ለምን እንደተሰጣትም ካልተነገረው፣ አንድ ቀን ከማገዶ ጋር ቢደባለቅ ምን ይገርማል? የቤት ዕቃን የሚያኖረው አንደኛው አገልግሎቱ፣ ሁለተኛው ወሬው ነው። ሁለቱም የጠፉበት ዕቃ ቆጥ ላይ ቢቀመጥም ጠፍቷል።

ከቤት የወጣ ዕቃ መጨረሻው ምን እንደሆነ ሐረር ታሳየናለች። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በግንቡ ብቻ አይደለም፤ የግንቡ ውስጥ ኑሮም ተቆጥሮለታል። በሐረሪ ቤት ስፌቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ሙያው ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በዚያው ከተማ የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ደግሞ በአንድ ሰው፣ በአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ትጋት የተመሠረተ ሲሆን ከየቤቱ የወጡ ጌጣጌጦች፣ ሳንቲሞችና የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች ተጠብቀውበታል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ሙዚየም ዕቃን ከመጥፋት ቢያድንም ጌጡን በየትኛው ሠርግ ማን እንዳደረገችው ቤተሰቡ ካልነገረው ሊያውቅ አይችልም።

ሙዚየም የመድረስ ዕድል የሌለው ዕቃም ብዙ ነው። በር ላይ በመጣ ነጋዴ በርካሽ ተገዝቶ የት እንደደረሰ የማይታወቅ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። በእጅ የተጻፈ ቁርኣን፣ የአባቶች ኪታብ፣ የቆየ የብር ጌጥ ያለው ቤተሰብ ከመሸጡ በፊት የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቢያማክር፣ የአካባቢውን ዑለማዎችም ቢጠይቅ ለራሱም ለአገርም ይበጃል።

ከሁሉ የሚከብደው የውርስ ጉዳይ ነው። መሬቱንና ከብቱን በሰላም የተካፈሉ እኅትና ወንድም በእናታቸው ጀበና የሚቀያየሙበት ጊዜ አለ። በሸሪዓ ሟች የተወው ሁሉ፣ ትንሹ ዕቃ ሳይቀር፣ ዕዳ ከተከፈለና ኑዛዜ ከተፈጸመ በኋላ የወራሾች ንብረት ነው። ኑዛዜ ከሲሶ አይበልጥም፤ ለወራሽ የተደረገ ኑዛዜም ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አይጸናም። ስለዚህ «ይኼ ለትልቋ ልጄ ነው» የሚለው ቃል በእናት ልብ ብቻ ከቀረ፣ ወይም ለአንዲት ጎረቤት ብቻ ተነግሮ ከታለፈ፣ ነገ ጠብ ሊሆን ይችላል። እናት በሕይወት ሳለች፣ ልጆቿን በእኩል ዐይን እያየች፣ ሁሉም በተሰበሰቡበት ብትሰጥ ግን ስጦታው የቤተሰቡ ፍቅር ማሰሪያ ይሆናል። ልጆች ከያሉበት ለኢፍጣር የሚሰበሰቡበት ወር ለዚህ ንግግር ከሁሉ የተሻለ ጊዜ ነው። ስለ ሞት ማውራት ይሆናል ብለን አንፍራው፤ ስለ ፍቅር ማውራትም ነው።

ሁሉን ማስቀመጥ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። በአርሲ ደጋ ብርድ ጎረቤት ቤት ልጆች ተጣብቀው እያደሩ ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ብል የሚበላው ብርድ ልብስ የማስታወሻ ዕቃ ሊባል አይችልም። አቡ ጠልሓ (ረ.ዐ) ከንብረታቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱትን የተምር አትክልት ለአላህ ብለው መስጠታቸው፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለቅርብ ዘመዶቻቸው እንዲያካፍሉት መምከራቸው የታወቀ ነው። ለሰደቃ የሚወጣው ዕቃ ቤት ያጣበበ ትርፍራፊ ብቻ መሆን የለበትም። ሳይበላሽ፣ ታጥቦ፣ ተጠግኖ፣ ለራሳችን ልጅ በምንሰጥበት ክብር ይሰጥ። የአባታችን ብርድ ልብስ አንድን የቲም ቢያሞቅ አባታችን የበለጠ ይታወሳል።

እንግዲህ ለአንባቢያን ቤተሰቦች የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከኢድ ጽዳት በፊት አንድ የኢፍጣር ምሽት ለዚህ ይመደብ። አሮጌዎቹ ዕቃዎች ይውጡ፤ ትልልቆቹ ይናገሩ፤ ልጆች ይጠይቁ። አቅሙ ያለው ልጅ የአያቱን ንግግር በስልኩ ይቅረጽ። ከዚያ በኋላ ከሦስት አንዱ ይወሰን። አገልግሎት የሚሰጠው ተጠግኖ ወደ ሥራ ይመለስ። ለሌላ የሚጠቅመው በጊዜ ይሰጥ። አገልግሎቱ ያበቃ ግን ወሬው ያላለቀ ዕቃ ካለ፣ አንድ ወይም ሁለት፣ ከቆጥ ወርዶ ሰው በሚያየው ቦታ ይቀመጥ። የቀረው ያለ ጸጸት ይሸኝ። እናት «ዝም ብሎ ይቀመጥ» ስትል ልጆች «ለምን?» ብለው በአክብሮት ይጠይቁ፤ እናትም መልሱን አትንፈጋቸው።

ለአንድ አሮጌ ዕቃማ ወሩ ራሱ ሥራ አዘጋጅቶለታል። ዘካተል ፊጥር ከኢድ ሶላት በፊት ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ሷዕ እህል ነው፤ ይኸውም መካከለኛ በሆነ ሰው እጅ አራት እፍኝ። በሐዲስ በስማቸው ከተጠቀሱት እህሎች አንዱ ገብስ ነው፤ ገብስ ደግሞ የአርሲ ደጋ እህል ነው። ኢተያም ሆነ ሌላ ቦታ፣ የአባት ጣሳ ወይም የእናት ቁና ያለበት ቤት ልኩን በእፍኝ አረጋግጦ የዘንድሮውን ዘካ በዚያው ይስፈር፤ ሰፋሪው ከልጆቹ አንዱ ይሁን። ያ ልጅ ጣሳው የማን እንደነበረ ሲሰማ፣ በእጁም የሚፈሰው እህል ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ሲያውቅ፣ ወላጆቹ ከዕቃው ጋር ሊያወርሱት የፈለጉት ሁሉ ደርሶታል።