አቅምን የማያይ ወጪ መጋራት
ለኢፌዴሪ ትምህርት ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ መርካቶ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ከምሸጥበት ሱቅ ሆኜ ነው። የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም በነፃ ማደል ከጀመረ ወዲህ የመስከረም ገበያዬ ቀንሷል፤ ይቀንስ፣ ደስ ይለኛል። የተማሪዎች ምገባውም ትልቅ ሥራ ነው። ቁርስ ሳይቀምስ የሚመጣ ልጅ ምን እንደሚማር እናውቃለንና።

የደሃው ተማሪ ችግር ግን ምገባው ከሚያበቃበት ከ8ኛ ክፍል በኋላ ይብሳል። ያን ጊዜ ልጁ ጉልበት ያወጣል፤ ቤቱም ገበያውም ጉልበቱን ይፈልጉታል። ከሰዓት በኋላ በምናለሽ ተራ በኩል ጋሪ ከሚገፉት ልጆች የአንዳንዶቹ ሱሪ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው።

አንዱን በቅርብ አውቀዋለሁ። እናቱ በርበሬ በረንዳ በርበሬ ትቀነጥሳለች፤ እሱ 12ኛ ክፍል ነው። የመልመጃ መጽሐፍ መግዛት ስለማይችል ባንኮኒዬ ላይ ተደግፎ የሒሳቡን ጥያቄዎች አንድ በአንድ በእጁ ይገለብጣል። ይዘኸው ሂድ ብለው፣ «ጋሼ፣ ቢቆሽሽብኝ ማን ይገዛዎታል?» አለኝ።

ይህ ልጅ ለዓመታት በግል ትምህርት ቤት ከተማረና ቤቱ አስጠኚ ከሚመጣለት ልጅ ጋር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን እኩል ይፈተናል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ልዩነቱ ሰፋ። የማለፊያ መስፈርቱ ይውረድ አልልም። በፈተናው ላይ የነበረው ኩረጃ መቆሙም የሚጠቅመው የደሃውን ልጅ ነው፤ መልስ በገንዘብ ይገዛ የነበረው ሌላው ነበርና። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 ይበልጣሉ። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንድ ጎበዝ ልጅ ጠፍቶ ነው ብሎ የሚያምን ያለ አይመስለኝም።

እንበልና ልጁ አለፈ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ የተጀመረው ይህ አሠራር ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ያደርጋል። ሐሳቡን አልቃወምም፤ በግብር ከፋይ ገንዘብ የተማረ ድርሻውን ቢመልስ ተገቢ ነው። የምቃወመው ውሉ የማንንም አቅም አለመጠየቁን ነው። የአስመጪው ልጅና የበርበሬ ቀንጣሿ ልጅ አንድ ዓይነት ወረቀት ይፈርማሉ፤ መንግሥትም እኩል ይደጉማቸዋል። ትራንስፖርት፣ ፎቶኮፒ፣ ሳሙና ግን ውሉ ውስጥ የሉም። ልጁ ትምህርት ላይ እያለ ቤቱ የሚያጣው የጋሪ ገቢም እንዲሁ። ሲመረቁ አንደኛው አባቱ ሱቅ ይገባል፤ ሌላው ሥራ ሲፈልግ ኦርጅናል ዲግሪው ዕዳው እስኪከፈል ተይዞበት ይቆያል። ዕዳውን የሚከፍለው ሥራ ሲያገኝ መሆኑ እየታወቀ!

አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እየሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መንገዱን ይዟል። ራሱን የሚያስተዳድር ተቋም ገቢ መፈለጉ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «መክፈል ትችላለህ ወይ?» ይሆናል። መልሱን ከወዲሁ ሕግ ሊያዘጋጅለት ይገባል።

ደሃውን በምን እንለያለን እንደማይሉን ተስፋ አለኝ። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት በየወረዳው ነዋሪውን ሰብስቦ የደሃ ቤተሰቦችን ዝርዝር ሠርቷል። ዝርዝሩ የሳተው ካለ የየሰፈሩ ዕድር ያውቀዋል። ከእነዚህ ቤተሰቦች የሚመጣ ተማሪ የወጪ መጋራት ዕዳ አይፈርም፤ በየወሩም መጠነኛ የኪስ ገንዘብ ይታሰብለት። ሥራ ያላገኘ ምሩቅ ኦርጅናል ዲግሪው ይሰጠው፤ ዕዳው ከደመወዙ ይቆረጣል። ምገባው እስከ 12ኛ ክፍል እንዲዘልቅም ከከተማው ትምህርት ቢሮ ጋር ይነጋገሩልን።

የዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይፋ ከመሆኑ በፊት መመሪያውን ያውጡልን፤ ምላሽዎንም በይፋ ያሰሙን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደብተር ነጋዴ
አዲስ ከተማ፣ መርካቶ