ሺ እግር፦ ከእግራችን ሥር ያለው አፈር ሠሪ

ዛሬ የምንጨዋወተው ሁላችንም ስለምናውቀው፣ ነገር ግን ጠጋ ብለን ስላላስተዋልነው አንድ ትንሽ ፍጡር ነው።

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አይከል ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የጭልጋ ከተማ ናት። ክረምት ገብቶ መሬቱ ሲርስ፣ በአይከልም ሆነ በሌላው የጎንደር ደጋ፣ ከድንጋይ ሥር፣ ከአጥር ጥግና ከበሰበሰ ግንድ ውስጥ አንድ ዝግተኛ ፍጡር ብቅ ይላል። ገላው ድቡልቡልና ረዘም ያለ ነው፤ ጥቁር ወይም ቡናማ መልክ አለው፤ እግሮቹ ተቆጥረው አያልቁም። ሲነኩት ይጠቀለላል። ልጆች ሲያዩት ይጮኻሉ፤ ትልልቆቹ ጫማቸውን ያነሳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ይታወቃል።

ለመሆኑ ይህ ፍጡር ምን በደለ? ይናከሳልን? ይመርዛልን? ወይስ ሳናውቀው የሚጠቅመንን ባለውለታ እየረገጥን ነው? ስሙ በየአካባቢው ስለሚለያይ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ሺ እግር» እያልን እንጠራዋለን። መቶ እግር ከሚባለው ተናካሽ ጋር እንዳይምታታ ግን ከወዲሁ አደራ እንላለን።

በእርግጥ ሺህ እግር አለውን?

የሥነ ሕይወት ሊቃውንት እስከ ዛሬ 12 ሺህ ያህል የሺ እግር ዓይነቶችን ለይተው ስም ሰጥተዋል። የብዙዎቹ እግር ቁጥር ከ40 እስከ 400 ባለው መካከል ነው። ለረጅም ዘመን ትልቁ የታወቀ ቁጥር 750 ነበር፤ ይህም በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በሚኖር አንድ ዓይነት ላይ የተቆጠረ ነው። ስለዚህ «ሺህ» የሚለው ስም የተጋነነ ነው ሲባል ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ተመራማሪዎች በምዕራብ አውስትራሊያ የማዕድን ፍለጋ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከምድር 60 ሜትር ዝቅ ብሎ ስለተገኘ አንድ ዓይነት ይፋ አደረጉ። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላው፣ ዓይን የሌለው ይህ ፍጡር 1306 እግሮች ተቆጠሩለት። ስሙ እውነት ሆኖ የተገኘው ያን ጊዜ ነው።

የሺ እግር ዋና መለያው ግን የእግሩ ብዛት ሳይሆን አደራደሩ ነው። ገላው እርስ በርስ በተያያዙ ቀለበቶች የተሠራ ሲሆን፣ ከጭንቅላቱ አጠገብ ካሉት ጥቂቶች በስተቀር እያንዳንዱ ቀለበት ሁለት ጥንድ፣ ማለትም አራት እግሮች አሉት። ሲሄድ እግሮቹ በአንድ ጊዜ አይነሱም፤ ነፋስ በጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ እንደሚታየው ማዕበል ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፉ ይነሳሉ። ይህም ፍጥነትን ሳይሆን ጉልበትን ይሰጠዋል። የተፈጠረው ለሩጫ ሳይሆን ራሱን እንደ ሽብልቅ እያስገባ አፈርና የረገፈ ቅጠል ገፍቶ ለማለፍ ነው።

ከመቶ እግር በምን ይለያል?

ወላጆች ለልጆቻቸው ሊያስተምሩት የሚገባው ቁም ነገር ይህ ነው። መቶ እግር ገላው ጠፍጣፋ ነው፤ በእያንዳንዱ የገላው ክፍል አንድ ጥንድ እግር ብቻ አለው፤ እግሮቹም ወደ ጎን ወጣ ወጣ ያሉ ናቸው። ሲነኩት አይጠቀለልም፤ በፍጥነት ይሮጣል፤ ከያዙትም ይናከሳል። ከጭንቅላቱ ሥር ያሉት የመጀመሪያ እግሮቹ ወደ መርዝ መውጊያ የተለወጡ ናቸው። ኑሮው ሌሎች ትናንሽ ፍጥረታትን አድኖ በመብላት ነው። ንክሻው ብርቱ ሕመምና እብጠት ያስከትላል። የሚገርመው፣ ያደገ የመቶ እግር ጥንድ እግሮች ቁጥር ጎዶሎ ነው፤ አሥራ አምስት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሦስት እያለ ይሄዳል። ልክ መቶ እግር እንዲኖረው ደግሞ ሃምሳ ጥንድ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ መቶ እግር መቶ እግር የለውም ማለት ነው!

ሺ እግር በአንጻሩ ድቡልቡል፣ ዝግተኛና ሰላማዊ ነው። መንከሻም ሆነ መውጊያ የለውም። አንዱን በሌላው ጥፋት የምንቀጣው ባለማወቃችን ነው። ከዚህ የባሰው ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው፤ «ይሄ ምንም አይልም» ብሎ የለመደ ልጅ ሁለቱን ካልለየ አንድ ቀን መቶ እግሩን በእጁ ያነሳዋል። መለየቱን ማስተማር ለሁለቱም ወገን መዳኛ ነው።

መሣሪያው ምንድን ነው?

መሮጥ የማይችልና የማይናከስ ፍጡር ጠላቱን በምን ይከላከላል? አንደኛው ዘዴ መጠቀለል ነው። በካልሲየም የጠነከረው የጀርባው ሽፋን ወደ ውጭ ሆኖ ስሱ ሆዱና እግሮቹ ወደ ውስጥ ይደበቃሉ። ሁለተኛው ዘዴ ኬሚካል ነው። ብዙዎቹ ዓይነቶች በገላቸው ግራና ቀኝ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚያቃጥልና የሚሸት ፈሳሽ ያመነጫሉ። ድቡልቡሎቹ በብዛት ኩይኖን የሚባል ውህድ ሲያመነጩ፣ ጀርባቸው ጠፍጣፋ የሆኑት ደግሞ በጥቂቱ የሳያናይድ መርዝ ያለበት ጋዝ ይረጫሉ። መጠኑ ለጉንዳንና ለወፍ እንጂ ሰውን የሚጎዳ አይደለም።

ሆኖም ጥንቃቄ አይጠላም። ፈሳሹ ቆዳን ቡናማ ሊያደርግና ሊያቃጥል ይችላል። ወደ ዓይን ከገባ ግን ብርቱ ሕመም ያስከትላል። ስለዚህ ሺ እግር የነካ ልጅ ዓይኑን ሳያሽ እጁን በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። የቆዳው ቀለም ቶሎ ባይለቅ አትደንግጡ፤ አትፈግፍጉትም፤ በጊዜው ይጠፋል። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ይህን መሣሪያ የማይፈሩ እንስሳትም አሉ። ከነዚህ አንዱ በአገራችን በዝባዱ የታወቀው ጥርኝ ነው። የቀድሞ ነጋዴዎቻችን ዝባድ ከቡና፣ ከወርቅና ከሰም ጋር በጎንደር በኩል ወደ ሱዳን ይልኩ እንደነበር በታሪክ ይታወቃል። ያ ባለ ውድ ሽቶ ጥርኝ ሌሎች አውሬዎች የሚጸየፉትን ሺ እግር ያለ ችግር ይበላል። በደቡብ አሜሪካ የሚኖሩ አንዳንድ ዝንጀሮዎች ደግሞ ሺ እግር ይዘው ፀጉራቸውን ያሹበታል፤ ፈሳሹ ትንኝን ያባርርላቸዋልና።

ኑሮውና አስተዳደጉ

ሺ እግር ገላው እርጥበትን አጥብቆ መያዝ አይችልም። ፀሐይ ካገኘው ቶሎ ይደርቃል። በዚህ ምክንያት ቀን ተደብቆ ሌሊት ይወጣል፤ በበጋ ወደ መሬት ውስጥ ጠልቆ ይከርማል፤ ዝናብ ሲጥል ብቅ ይላል። ዝናቡ በዝቶ አፈሩ በውሃ ሲሞላ ደግሞ አየር ፍለጋ ወደ ደረቅ ቦታ ይሸሻል። ከቤታችን ገብቶ የምናገኘው ብዙውን ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው። ምግብ ፍለጋም ሆነ እኛን ፍለጋ አልመጣም። ቤት ውስጥ ካልወጣም ደርቆ ይሞታል።

እናቲቱ እንቁላሏን በአፈር ውስጥ ትጥላለች። በአንዳንድ ዓይነቶች አፈርና የራሷን ኩስ አቡክታ ጎጆ ትሠራለች። በአንድ ዝርያ ደግሞ ጥበቃው የአባት ድርሻ ነው፤ አባትየው እስኪፈለፈሉ ድረስ እንቁላሎቹን በገላው ከቦ ይጠብቃቸዋል። ልጆች አሳድጉ ሲባሉ «የእናት ሥራ ነው» የሚሉ አባቶች ቢሰሙት የሚጠሉት ዜና አይመስለንም!

ከእንቁላል የሚወጣው ጫጩት ባለ ብዙ እግር አይደለም። በብዙዎቹ ዓይነቶች ሦስት ጥንድ እግር ብቻ ይዞ ነው የሚፈለፈለው። ከዚያም አሮጌ ቆዳውን በገፈፈ ቁጥር አዳዲስ ቀለበቶችና እግሮች ይጨመሩለታል። ቆዳውን ሲቀይር ገላው ለስላሳ ስለሚሆን ከአፈር ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኘው ግዙፉ ዓይነት እንዲህ እያደገ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በጃፓን ደግሞ በየስምንት ዓመቱ በአንድ ጊዜ አድገው በብዛት የሚወጡ ሺ እግሮች አሉ፤ ሐዲድ ላይ ተንጋግተው ባቡር እስከ ማስቆም የደረሱበት ጊዜ ተመዝግቧል።

ሥራው ለእኛ ምን ይጠቅማል?

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደረስን። የሺ እግር ምግብ የሞተ ነገር ነው፤ የረገፈ ቅጠል፣ የበሰበሰ እንጨት፣ የደረቀ ሣር። አንድ ቅጠል ከዛፍ ሲወድቅ በውስጡ የያዘው ማዳበሪያ ወዲያው ለሌላ ተክል አይደርስም። መጀመሪያ መሰባበር አለበት። ሺ እግር ቅጠሉን አድቅቆ ይውጣል፤ ከሆዱም ጥቂቱን ብቻ አስቀርቶ ብዙውን በጥቃቅን እንክብሎች መልክ ይጥለዋል። ያን የደቀቀ ነገር ባክቴሪያና ሻጋታ በቀላሉ ያፈርሱታል። እህል ሳይፈጭ ሊጥ እንደማይሆን ሁሉ፣ ቅጠልም ሳይደቅ ቶሎ አፈር አይሆንም። ሺ እግር፣ የምድር ትልና ምስጥ የአፈር ወፍጮዎች ናቸው ብንል አላጋነንም። ሲሞት ደግሞ በሽፋኑ ያከማቸው ካልሲየም ወደ አፈሩ ይመለሳል።

ይህ ሥራ ሲቆም ምን እንደሚሆን ለማወቅ ከጭልጋ ምድር ርቀን መሄድ የለብንም። በአይከል ዙሪያ ባለው የጭልጋ ሸለቆ የድንጋይ ከሰል እንዳለ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ከዚሁ አካባቢ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የእንስሳት ቅሪቶች ማግኘታቸውን ይፋ አድርገዋል። ከነዚህም የዝሆን የጥንት ዘመዶችና ባለ ሁለት ቀንድ ግዙፍ አውሬ ይገኙበታል። የተገኙት የቅጠልና የእንጨት ቅሪቶችም ቦታው ያን ጊዜ ዘንባባ የነበረበት ደን እንደነበር ያሳያሉ። ታዲያ ከሰሉ ከየት መጣ? በረግረግ ላይ የወደቀ ቅጠልና ግንድ በውሃ ሲሸፈን አየር ያጣል። አየር በሌለበት አፍራሾቹ ሊሠሩ አይችሉም። ያልፈረሰው እንጨት እየተከማቸ፣ በላዩ አፈር እየተጫነው፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ከሰል ይሆናል። ከሰል ማለት እንግዲህ አፍራሾቹ ሳይደርሱበት የቀረ ደን ነው።

በዛሬው ደጋችን ያለው ችግር ግን የተገላቢጦሽ ነው። አፍራሾቹ አሉ፤ የሚያፈርሱት ግን አጡ። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለምድጃ፣ ቅጠሉና ጭራሮው ለማገዶ ይሄዳል። ወደ መሬት የሚመለስ ነገር ይጠፋል። ባዶ የቀረውን አፈር ደግሞ ጎርፍ ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሠሩትና ከዚያ በኋላ የአገራችንን የአፈር መሸርሸር ለዓመታት ያጠኑት የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ፣ ከታረሰ የደጋ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። ይህ ለልጆቻችን የምናወርሰው መሬት ነው። ሺ እግር ብቻውን አይመልሰውም፤ ነገር ግን እሱን መግደልና ምግቡን ማቃጠል ከሚመልሱት ወገን አያሰልፈንም።

እውነቱን ለመናገር፣ ሺ እግር አልፎ አልፎ ያጠፋል። የበቀለ ችግኝ ወይም መሬት ውስጥ ያለ ድንች ሊነካ ይችላል። በተለይ ቀድሞ የቆሰለና መበስበስ የጀመረ ድንች ይስበዋል። መፍትሔው የደረሰውን በወቅቱ ማውጣት፣ የተበላሸውንም ከማሳው ለይቶ ማንሳት ነው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

እናቶችና እህቶች፦ ሺ እግር ቤት ከገባ በመጥረጊያ ጠርጋችሁ ወደ አጥር ጥግ ወይም ወደ ጓሮ ጣሉት፤ ይበቃዋል። ለሱ ብላችሁ ሕፃናት ባሉበት ቤት ፀረ ተባይ አትርጩ። ከግድግዳ የተጠጋ እርጥብ እንጨትና የቅጠል ክምር አርቁ፤ የበሩን ሥር ክፍተት ድፈኑ። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድና የቡና አተላ በጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ብታጠራቅሙ፣ ሺ እግርና ጓደኞቹ ለጎመናችሁ ማዳበሪያ ያዘጋጁላችኋል።

አባቶች፦ በክረምት ሌሊት ለሱብሂ ሶላት ዉዱእ ለማድረግ ስትወጡ ባዶ እግራችሁን አትሁኑ፤ ጫማችሁንም አራግፉ። ይህ ለሺ እግር ሳይሆን ለመቶ እግርና ለጊንጥ ነው።

ወጣቶች፦ በሚቀጥለው ዝናብ አንዱን ፈልጉና ሳትነኩት ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ከመካከለኛው ቀለበት ላይ በአንድ ጎን ስንት እግር እንዳለ ቁጠሩ። ሁለት ከሆነ ሺ እግር ነው፤ አንድ ከሆነ ራቅ በሉ! ለታናናሾቻችሁም አሳዩአቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነውን፣ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን አንድ ሳንቲ ሜትር የሚያህል የሺ እግር ቅሪት በስኮትላንድ ያገኘው ማይክ ኒውማን የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ለማስተዋል የግድ ዶክተር መሆን አያስፈልግም።

ከቁርኣን ምዕራፎች መካከል በጉንዳን፣ በንብና በሸረሪት ስም የተጠሩ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ትንሽ መሆን መናቅ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስታውሰን አያስፈልግም። እንግዲህ በዚህ ክረምት ከበራፋችን ላይ የተጠቀለለ ፍጡር ስናይ እግራችንን ከማንሳታችን በፊት አንድ ጊዜ ቆም እንበል። የቆምንበት አፈር በከፊል የእሱ ሥራ ነውና።